ከጥናቱ የወጡት ሦስት ጎሾች

ፑንጃብ፣ ህንድ
ኅዳር 12 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ደምመላሽ፣

ይህ ደብዳቤ እርስዎንም ልጅዎንም በደህና ያግኛችሁ። እኔን አያውቁኝም። እጅጋየሁ እባላለሁ፣ የንጉሤ ልጅ ነኝ። አያቴ እማማ ወለተ ማርያም የአባትዎ እህት ናቸው። አባቴ ስለ እርስዎ ሲያነሳ «ህንድ ተምሮ አሜሪካ የቀረው ዘመዳችን» ይላል። ምን እንደተማሩ ግን ቤታችን ውስጥ የሚያውቅ ሰው የለም።

እኔ የአፈር መምህር ነኝ። ለዶክትሬት እዚህ ከመጣሁ ሁለተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ባለፈው ሳምንት ቤተ መጻሕፍት ገብቼ አሮጌ የመመረቂያ ጽሑፎች ሳገላብጥ የአበሻ ስም የተጻፈበት ጥራዝ እጄ ገባ። «በዩሪያ የታከመ የሩዝ ገለባ ለወተት ጎሾች» ይላል። ከሥሩ የእርስዎ ስም እስከ አያት ድረስ ተጽፏል። ወንበር ሳልፈልግ ቆሜ ሃያ ገጽ አነበብኩ።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ጥናቱን በአሥራ አንድ ቤቶች ጀምረው በአሥር ነው የጨረሱት። ስለ አሥራ አንደኛው ያለው አንድ መስመር ብቻ ነው፤ «የቤቱ ባለቤት ከጥናቱ ወጥተዋል» ይላል። ለምን ወጡ? እኔም አፈር የምወስደው ከዚያው ወረዳ ስለሆነ ምክንያቱ ለሥራዬ ይጠቅመኝ ይሆናል።

ልደውልልዎ ፈልጌ ነበር። በፌስቡክ ያገኘኋት ልጅዎ ዮርዲ «ጻፊለት፣ ኢሜል ይሻላል» አለችኝ።

ጤናና ዕድሜ ይስጥልኝ።
እጅጋየሁ ንጉሤ


ኦክላንድ፣ ካሊፎርኒያ
ጥር 3 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለልጄ ለእጅጋየሁ፣

የእትዬ ወለተ ማርያም አምላክ በሄድሽበት ሁሉ ይከተልሽ። ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ደስም አለኝ፣ ደነገጥኩም። ንጉሤን ያየሁት ገና ሱሪው የሚወልቅበት ልጅ ሳለ ነው። ዛሬ ልጁ ዶክተር ልትሆን!

እኔ በእጄ ነው የምጽፈው። ዮርዲ እሑድ እሑድ ከካምቤል ስትመጣ በስልኳ ፎቶ አንስታ ትልክልሻለች። አማርኛ ትሰማለች እንጂ ማንበብ አልተማረችም፤ ስለዚህ የምጽፍልሽ በአንቺና በእኔ መካከል ነው። ስልክ አልወድም፣ አትደውዪልኝ። የምኖረው ቴሜስካል ውስጥ ነው፣ ከቴሌግራፍ መንገድ ገባ ብሎ። ሃያ ስድስት ዓመት ኤርፖርት ላይ ታክሲ ነድቼ ሪታየር ካደረግሁ ሁለት ዓመቴ ነው። ከመኖና ከከብት ጋር ከተለያየን ቆየን።

ያ ጥራዝ ባለበት ይቀመጥ። የሰው ነገር ነው፤ አንዳንዱ ቤት ከጥናት ይወጣል፣ ይሰለቻል።

ጎሾቹ አሁንም ቀትር ላይ ቦይ ውስጥ ተኝተው አፍንጫቸው ብቻ ይታያል? አፈር የምትወስጂባቸው መንደሮችስ የትኞቹ ናቸው? ባርዋል የሚባል አለበት?

ደምመላሽ


ፑንጃብ፣ ህንድ
የካቲት 1 ቀን 2015 ዓ.ም.

ጋሼ፣

እንደምን ከረሙልኝ? ጎሾቹ አሁንም ቦይ ውስጥ ይተኛሉ። ትናንት አንዷ አልወጣም ብላ ባለቤቷን ከነልብሱ ውኃ ውስጥ ስታስገባው አይቼ ስስቅ ዋልኩ።

ሥራዬን በአጭሩ ልንገርዎ። ከኮረብታው ጎርፍ ደለል ይዞ የወረደባቸው ማሳዎች አሉ። ደለሉ ውስጥ ሴሊኒየም የሚባል ማዕድን አለበት። ጥቂቱ ለሰውም ለከብትም ያስፈልጋል፣ ሲበዛ ግን መርዝ ነው። ሩዙ ከአፈሩ ይስበዋል፣ በገለባው ውስጥ ይቀመጣል፣ ገለባውን የበላ ከብት ሰኮናው ይወልቃል። ችግሩ በአንዳንድ መንደር ከታወቀ ቆይቷል። ማንም ገብቶ ያልለካባቸው መንደሮች ግን ገና ብዙ ናቸው፤ የእኔ ድርሻ እነሱን ፈልጎ መለካት ነው።

ባርዋል በዝርዝሬ ውስጥ የለም። ለምን ጠየቁኝ? የድሮ የመስክ ማስታወሻዎ ካለ እባክዎ ይላኩልኝ።

እጅጋየሁ


ካምቤል፣ ካሊፎርኒያ
ሰኔ 9 ቀን 2015 ዓ.ም.

ልጄ እጅጋየሁ፣

በሰው አገር ከክፉ ዓይንና ከክፉ ቀን ይሰውርሽ። አራት ወር ዝም ስልሽ ሳትቀየሚኝ አትቀሪም። ቤት ለቅቄ ካምቤል ዮርዲ ጋ ገብቻለሁ፣ ከሳን ሆዜ ጋር የተያያዘች ትንሽ ከተማ ናት።

ስልክ አልወድም ያልኩሽ ውሸት ነው። ያን ጊዜ ጉሮሮዬ ታሞ ድምፄ እየከዳኝ ነበር። መጋቢት ላይ ሰርጀሪ አድርገው ማንቁርቴን ጨርሰው አወጡት። አሁን የምተነፍሰው አንገቴ ላይ በተበሳች ቀዳዳ ነው። የምፈልገውን በእንግሊዝኛ ነጭ ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ፣ ዮርዲ «ኦኬ ዳድ» ትላለች። ለንጉሤ አትንገሪው።

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ሰኮና የሚለውን ቃል ካየሁ በኋላ ጽፌ እየቀደድኩ ቆየሁ፣ ለዚህም ነው የዘገየሁት። ማስታወሻ የለኝም፣ አቃጥዬዋለሁ። በቃሌ የያዝኩትን ልንገርሽ።

አሥራ አንደኛው ቤት ባርዋል ነው። የተቀሩት አሥሩ በሌሎች መንደሮች ነበሩ። የዚያ ቤት ባለቤት ጉርናም ካውር ትባላለች። ያን ጊዜ ሠላሳ አምስት ቢሆናት ነው። ባሏ ሞቶባት ሁለት ልጆችና ሦስት የወተት ጎሾች ይዛ ቀርታለች። ሌሎቹን ገበሬዎች ለማግባባት ሳምንታት ስመላለስ እሷ ግን በአንድ ቀን እሺ አለችኝ። በፑንጃቢዬ ሳቀች፣ አንድ ብርጭቆ አጓት ሰጠችኝ፣ «ፑት» ብላ ጠራችኝ። ልጄ ማለት ነው፣ ስድስት ዓመት እንኳ ሳትበልጠኝ።

ገለባዋ እንዲለሰልስ ዩሪያውን በውኃ በጥብጬ በገዛ እጄ ረጨሁበት። ላስቲክ አልብሰን ሦስት ሳምንት አቆየነውና መመገብ ጀመርን። ወተቱ ጨመረ። ልጆቿ እኔን ሲያዩ ከሩቅ ይሮጡ ነበር። በአምስተኛው ሳምንት ትልቋ ጎሽ አነከሰች። የጅራቷ ጫፍ ጠቁሮ ደረቀ። ሰኮናዋ ከሥጋዋ ሲላቀቅ በጉልበቷ ተንበርክካ ትሄድ ጀመር። ሁለተኛዋም ተከተለቻት። ሁለቱም ሞቱ። ሦስተኛዋ ማነከስ ስትጀምር ለሩቅ መንደር ሰው ሸጠቻት።

ጉርናም ካውር አልጮኸችብኝም። «ፑት፣ ምን ነበር ያደረግህበት?» ብቻ አለችኝ።

«አጣርቼ እመጣለሁ» አልኳት።

ለአማካሪዬ ነገርኩት። ጽሑፌን ለማስረከብ ሁለት ወር ቀርቶኝ ነበር። «አንድ ቤት ነው። ወጥተዋል ብለህ ጻፍ» አለኝ። ጻፍኩ። ወደ ባርዋል አልተመለስኩም።

አገር ቤት ብገባ መንግሥት የሚመድበኝ ገበሬ ጋ ነው፤ የየትኛውን ገበሬ ዓይን አያለሁ? ጥገኝነት ጠይቄ እዚህ መጣሁ። ሰው ሁሉ «በተማርክበት ለምን አትሠራም?» ሲለኝ «ወረቀቴን አልተቀበሉኝም» እል ነበር። አንድም ቀን ወረቀቴን ለማንም አሳይቼ አላውቅም።

ከቤቷ ሰው ካለ ፈልጊልኝ። ስሜን ግን አታንሺ።

ደምመላሽ


ፑንጃብ፣ ህንድ
ሐምሌ 20 ቀን 2015 ዓ.ም.

ጋሼ፣

ሕመምዎን ስሰማ ምን ብዬ እንደምጽፍ ቸገረኝ። እግዚአብሔር ይማርዎ። ለአባቴ አልነገርኩም።

ሲምራን ከምትባል የክፍል ጓደኛዬ ጋር ባርዋል ደርሼ መጣሁ። ሲምራን የዚህ አገር ልጅ ስለሆነች ታስተረጉምልኛለች። ጉርናም ካውር በሕይወት አሉ። ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው፣ ወገባቸው ጎብጧል፣ ዓይናቸው ግን ንቁ ነው። ከትልቁ ልጃቸው ጋር ይኖራሉ። በረታቸው ባዶ ነው፤ ወተት የሚገዙት ከሱቅ ነው።

እንዳዘዙኝ ስምዎን አላነሳሁም። «አፈር ለመመርመር ነው የመጣነው» አልናቸው። ዓይናቸውን ከእኔ ላይ ሳይነቅሉ ከየት አገር እንደመጣሁ ጠየቁኝ። ኢትዮጵያ ስላቸው ሌላ ነገር አልጠየቁም። ልጃቸውን ጠርተው «ማሳውን አሳያቸው፣ የፈለጉትን ይውሰዱ» አሉት። አምና ከተከመረው ገለባና ከታችኛው ማሳ አፈር ወስደናል። ውጤቱ ይዘገያል፣ የላቦራቶሪው ወረፋ ረጅም ነው።

እጅጋየሁ


ካምቤል፣ ካሊፎርኒያ
ነሐሴ 2 ቀን 2015 ዓ.ም.

እጅጋየሁ፣

በሕይወት አለች? ሰባ ሁለት የሚለውን ሁለት ጊዜ መልሼ አነበብኩት።

ባለፈው ሳምንት እስካን አድርገውኝ ነበር። ካንሰሩ ተመልሷል፣ ወደ ሳንባም ወርዷል። ከእንግዲህ ምን እጠብቃለሁ? ስሜን ንገሪያት። በሕይወት አለ በያት። ሌላ ምንም አትጨምሪ።

ደምመላሽ


ፑንጃብ፣ ህንድ
ጥቅምት 15 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለምወድዎ ጋሼ፣

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ ብርታት ይሁንልዎ። ውጤቱ መጥቷል። የባርዋል ታችኛው ማሳ ገለባ ውስጥ ያለው ሴሊኒየም ከብት ይጎዳል ከሚባለው አራት እጥፍ ነው። ሦስት ጊዜ ለካሁት። ጎሾቹን ያሳመማቸው ዩሪያው አልነበረም። በእርስዎ አሥር ቤቶች ዩሪያው አንድም ከብት ያልነካው ለዚህ ነው፤ ጉዳቱ ከአፈሩ ነው። ይህን የምለው ላጽናናዎ ብዬ አይደለም፣ ቁጥሮቹን ከዚህ ጋር አያይዤ ልኬልዎታለሁ፣ እርስዎ ያነቧቸዋል።

ስምዎንም ነገርኳቸው። «ሊያየኝ ይችላል?» አሉ። ከዚያ ብዙ አወሩ፣ ሲምራን ግን ሁሉንም አልተረጎመችልኝም።

ይረፉ፣ ጋሼ። ይኼን ያህል ዓመት የተሸከሙት የእርስዎ ጥፋት አልነበረም።

እጅጋየሁ


ካምቤል፣ ካሊፎርኒያ
ኅዳር 6 ቀን 2016 ዓ.ም.

ልጄ፣

ስለ ድካምሽ ፈጣሪ ይክፈልሽ። ቁጥሮቹን አየኋቸው። ሥራሽ ንጹሕ ነው፣ አማካሪ ብሆን አሳልፍሽ ነበር።

ግን ሁለት ነገር አልጻፍሽልኝም። አንደኛው፣ በዩሪያ የታከመ ገለባ ስለሚጥማቸው ከብቶች ካልታከመው አብዝተው ይበላሉ። የእኔ ጥናት መደምደሚያም ይኸው ነበር። አብዝተው ሲበሉ መርዙንም አብዝተው በሉ። ይህን ሳታውቂ አይደለም የተውሽው፤ አዝነሽልኝ ነው።

ሁለተኛው፣ የጎረቤቶቿ ከብቶችስ? ዩሪያ ያልነካቸው? ከታመሙ በየትኛው ዓመት ነው የታመሙት? ባርዋል ነገሩ የመሬቱ መሆኑን መቼ አወቀ?

ዓመቱን ንገሪኝ። የምጠይቅሽ እንደ አጎት ብቻ አይደለም፣ እንደ ባለሙያም ነው።

ደምመላሽ


ፑንጃብ፣ ህንድ
የካቲት 4 ቀን 2016 ዓ.ም.

ጋሼ፣

ሦስት ወር ያቆየሁት ሥራ በዝቶብኝ አይደለም። ዮርዲን በየሳምንቱ ስለ እርስዎ እጠይቃታለሁ። «አሁንም ደብዳቤውን እየጠበቀ ነው» ስትለኝ አፈርኩ።

ሲምራን ሁሉንም ተርጉማልኝ ነበር። እንዲህ ነው ያሉት። እርስዎ በሄዱ በዓመቱ፣ ሩዙ ታጭዶ ሳይከመር፣ ያልታከመ ገለባ የበሉ የሁለት ጎረቤቶቻቸው ጎሾች ሰኮናቸው ወለቀ። የተሸጠችው ሦስተኛዋ ጎሽ ደግሞ በሄደችበት አገር ሌላ መኖ በልታ ዳነች፣ ጥጃም ወለደች። ጉርናም ካውር ያን ጊዜ «የዚያ ልጅ መድኃኒት አይደለም፣ መሬታችን ነው» አሉ። የሰማቸው ግን አልነበረም። የተቀረው ሰው እርግማን ነው እያለ ገለባውን መስጠት ቀጠለ። እስከ ዛሬ መንደሩ ውስጥ ስንት ከብት እንደሞተ የቆጠረ የለም፣ እያንዳንዱ ቤት ግን የሚያወራው ታሪክ አለው። ለመመርመር የመጣ ሰውም አልነበረም፤ ሲምራንና እኔ የመጀመሪያዎቹ ነን።

ይቅር ይበሉኝ። ዕረፍት እንዲያገኙ ፈልጌ ነው የደበቅኩት።

ጉርናም ካውር በቪዲዮ ሊያዩዎት ይፈልጋሉ። እሺ ካሉኝ ለዮርዲ ሰዓቱን እነግራታለሁ።

እጅጋየሁ


ካምቤል፣ ካሊፎርኒያ
መጋቢት 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

ልጄ እጅጋየሁ፣

ቤትሽንም ሥራሽንም ይባርክልሽ። የላክሽው ደብዳቤ ሁለት ቀን አስተኛኝ። በሦስተኛው ቀን ለዮርዲ «ኮል አድርጊላቸው» ብዬ ጻፍኩላት።

ያን ቀን ሲምራን ውጭ ለጎረቤቶች ስለ አፈሩ እያስረዳች ስለነበር አንቺ ስልኩን ይዘሽ ቆምሽ እንጂ የተባለው አልገባሽም። እኔ ፑንጃቢው አልጠፋኝም። ጉርናም ካውር ያለችው ይህን ነው።

«ፑት፣ ሸበትክ» አለች። ቀጥላ «አንድ ዓመት ሙሉ ረገምኩህ። እጁ እህል አያንሳ አልኩ። ኋላ መሬቱ መሆኑን ሳውቅ እርግማኑን የት ሄጄ እንደማነሳልህ ጠፋኝ። ያለህበትን የሚያውቅ የለም» አለች። «አጣርቼ እመጣለሁ አልከኝ። ለምን አልመጣህም? አንመታህም ነበር።»

አፌን ከፈትኩ። እንደማልናገር አንቺም አልነገርሻት፣ እኔም አላሰብኩትም። መልስ የነፈግኳት መሰላት። «ለምን አይመልስልኝም?» አለች።

ዮርዲ ከኋላዬ ቆማለች። ሰሌዳውን ሰጥታኝ «ምን ልበልልህ ዳድ?» አለችኝ። «ማፍ ካሮ» ብዬ በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፍኩ፤ ይቅር በይኝ ማለት ነው። ዮርዲ ትርጉሙን ሳታውቅ ጮክ ብላ አነበበችው።

ጉርናም ካውር ወደ ዮርዲ አየች። «አንቺ ምን አደረግሽ? አንቺ አትበዪ» አለቻት። «እሱ ይበለው።»

ጠበቀችኝ። እጆቼን አጋጥሜ ግንባሬ ላይ አደረግሁ። እሷ ግን አፌን ነበር የምታየው። አንቺ ጉሮሮሽን በእጅሽ እያሳየሽ ልታስረጃት ስትሞክሪ አይቻለሁ። የገባት መሰለኝ፤ ፊቷ ተለወጠ። «ወይኔ ፑት» ብላ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ስልኩ ያን ጊዜ ተቋረጠ።

ዮርዲ «ማን ናቸው?» ብላ ጠየቀችኝ። ሰሌዳውን አራት ጊዜ እየደመሰስኩ ጻፍኩላት። አንብባ ስትጨርስ «ዩ ዌር ኤ ሳይንቲስት?» አለችኝ። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው። ሹፌር እንደነበርኩ ብቻ ነው የምታውቀው። መኪናዋ ውስጥ ገብታ ብዙ ጊዜ ተቀምጣ ቆየች።

አሁን የምለምንሽን ስሚኝ። ጥፋትዎ አልነበረም ብለሽ ጽፈሽልኝ ነበር። ጎሾቹን በተመለከተ እውነትሽ ነው ልበል። ያቺ አንድ መስመር ግን የእኔ ናት። ሁለቱ እንደሞቱ፣ ሰኮናቸው እንደወለቀ፣ ገለባው ከየትኛው ማሳ እንደመጣ ጽፌ ቢሆን ኖሮ አንድ ሰው አንብቦ አፈሩን ይለካ ነበር። አንቺ እስክትወለጂና እስክታድጊ አይጠበቅም ነበር። ከዚያ ወዲህ የሞቱት ከብቶች በዚያች መስመር ነው የሞቱት። ይህን የነገረኝ የለም፣ ከአንቺ ቁጥሮች አንብቤ ነው ያወቅኩት።

ስለዚህ በምትጽፊው ውስጥ አስገቢው። የመንደሩን ስም፣ ዓመቱን፣ ሦስቱን ጎሾች፣ እኔ ከጥናቱ እንዳወጣኋቸውም ጭምር። ስሜን እስከ አያት ጻፊው። ዘመድ ነው ብለሽ እንዳታለሳልሺው። ስትጨርሺ ለጉርናም ካውር ሲምራን ታንብብላት፣ ለእኔም ላኪልኝ።

ሐኪሙ የቀረኝን ዕድሜ የሚቆጥረው በሳምንት ነው። ከፋሲካ በፊት ይድረስልኝ።

ደምመላሽ